ዲሹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኤረር ዞሮ ኢትዮሳት ከየት ይመጣል?!

አቦ ዛሬስ በቃኝ! ዲሽ ሠሪው አሁን ገና ከጣራ ወርዶ ሄደ። ብሩን ቆጥሮ ተቀብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ግን "ሲግናል የለም" እንዳለ ነው።

ሲጀመር ትንሹ ዲሽ ለኢትዮሳት፣ የአገራችን ቻናሎች ለሚተላለፉበት ሳተላይት፣ ይበቃል ብዬ ነበር። "እሱ ምን ይሠራል" ብሎ እማዬን አሳምኖ ትልቁን አስገዛ። ትልቅ ዲሽ አቅጣጫው ትንሽ ከሳተ ምንም አይዝም፣ የድሬ ንፋስ ሲነሣ ደግሞ እንደ ሸራ ነው የሚወጥረው!

"ወንድሜ፣ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከዚህ ሲታይ ወደ ሐረር በኩል፣ ያውም ሽቅብ ወደ 70 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት" አልኩት። በአክብሮት! እሱ ጣራ ላይ ሆኖ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፦ "እህቴ፣ ሰፈሩን እዪዋ! ዲሹ ሁሉ ወዴት ነው የዞረው? ስልክ ላይ አንብበሽ ልታስተምሪኝ ነው? ይልቅ ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ!"

ውሃ አምጪልኝ!! አመጣሁለት፤ በዚህ ሐሩር ቆርቆሮ ላይ ለቆመ ሰው ውሃ አይከለከልም። ግን እነዚያ ወደ ኤረር የዞሩት የድሮ የናይልሳት ዲሾች ናቸው! ናይልሳት ሌላ ሳተላይት ነው፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ! ኢትዮሳት ከመጣ ከ2012 ጀምሮ ስንት ዓመቱ፣ ዲሽ ሠሪ ነኝ የሚል ሰው ይኼን እንዴት አያውቅም?

ከዚያ ደግሞ "ይኸው ሲግናሉ ሞልቷል፣ የተበላሸው ሪሲቨሩ ነው፣ አዲስ ላምጣልሽ" አለ። ሲግናሉ እኮ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለችው መቀበያ) ሳተላይት ሳይዝም ይሞላል! የሚታየው ኳሊቲው ነው፣ እሱ ዜሮ ነው! የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲ፣ 11105 ሆሪዞንታል 45000፣ ሪሲቨሩ ላይ አስገብቼ ላሳየው ስል ዞር ብሎም አላየኝ።

የቧንቧ ሠራተኛውም ባለፈው እንዲሁ ነበር። የሚያፈሰው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ እያሳየሁት "ቤት ውስጥ ወንድ የለም እንዴ?" አለኝ። የለም! እኔ አለሁ፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ! ሴት ስትናገር ጆሯቸው ምን ይሆናል?

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከቤት አትወጣም። ቅዳሴዋም ዜናዋም ቴሌቪዥን ነው። አሁንም ከመኝታ ቤት "መጣ እንዴ ልጄ?" እያለች ነው፣ ምን ልበላት?

ደክሞኛል። ሳቢያን አካባቢ ምሥራቅና ምዕራብ የሚለይ ዲሽ ሠሪ የምታውቁ ስልኩን በውስጥ ላኩልኝ፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይምጣልኝ። የዛሬውን ሰውዬ ቁጥር የምትፈልጉ ካላችሁ ግን አልሰጥም፣ ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።