ጀግና አይተኛም

ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ያው ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ተነሱ! ጀግና አይተኛም! ዛሬ ያላበው ነገ አያለቅስም!» ከሥሩ ሦስት የእሳት ምልክት፣ አንድ የታጠፈ ክንድ። እኔም እንደ ሞኝ ተነስቼ ጫማዬን አሠርኩ። ሩብ ሲል ለላኪው ደወልኩ። አያነሳም። 12 ሰዓት ላይ ደገምኩ። አያነሳም። ረፋድ ላይ በእንቅልፍ ድምፅ መልሶ ደወለና «ወንድሜ፣ ሰውነቴን እያዳመጥኩ ነበር» አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው በወጉ ማመስገን ያስፈልጋል። መሮጥማ ማንም ይሮጣል። ሌባም ይሮጣል። ሳይሮጡ ሌላውን ለሩጫ ማነሳሳት ግን ተሰጥኦ ነው።

ቡድናችን የተቋቋመው በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። 23 ነን። ዓላማችን ከገና በኋላ ሐዋሳ ወርዶ ግማሽ ማራቶን መሮጥ ነው። ሃያ አንዱ ኪሎ ሜትር ላይ እስካሁን አንዳንድ ጥያቄዎች አሉ። ዓሣው ላይ ግን ሙሉ ስምምነት ተደርሷል።

መጀመሪያ ሊቀመንበር መረጥን። ቀጥሎ ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሞራል ኃላፊ። የመጀመሪያው ሳምንት በቲሸርት ቀለም አለቀ። ሁለተኛው በካልሲ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሙዝ ከሩጫ በፊት ነው የሚበላው ወይስ በኋላ የሚል ከባድ ክርክር ተነሳ፤ ሁለት ሰው ተኳርፎ ከግሩፑ ወጣ። ሽማግሌ ተላከ። አሁን ሙዙ ተበልቷል። ሩጫው ነው የቀረው።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2:15:16 የጨረሰው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። እሱም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ምስኪን! ስለ ካልሲ የሚመክረው ግሩፕ አልነበረውም።

ግን ሁሉንም የሚያስንቀው የሞራል ኃላፊያችን ነው። ያ የ11 ሰዓቱ ሰው። በመስከረም ውድ ሰዓት ገዛ። ሰዓቱ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ የሄዱበትን መንገድ በካርታ ያወጣል። በየቀኑ ማታ ማታ ካርታውን ይልክልን ጀመር። አንድ ቀን 8 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን 9። እኛ ገና ካልሲ ላይ ነን። አጨበጨብንለት፤ አንዳንዱም ቀናበት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሰዓቱን የሚያስረው እሱ አይደለም። የእህቱ ልጅ ነው። የ12 ዓመት ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል። ጠዋት ሰዓቱን አስሮ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማታ ይመልሳል፣ 20 ብሩን ይቀበላል።

ይህን ሳናውቅ በፊት ያንን ካርታ እንዴት እንዳጠናነው! መስመሩ ከቤት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ። «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አንዱ ጠየቀው። «ትዕግሥት እየተለማመድኩ» አለ። ልጁ ሒሳብ እየተማረ ነው። ከዚያ በእረፍት ሰዓት አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ 22 ዙር። አባሮሽ ነው። የኛ ሰው «ኢንተርቫል» (ፈጠን ቀስ እያሉ መሮጥ መሆኑ ነው) ብሎ ጻፈበት። ስለ ሥልጠና አዋቂ ነኝ የሚለው አባላችን ዙሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ «ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው» ሲል መሰከረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ 40 ደቂቃ አንድ ቦታ ላይ፣ ግማሽ ሜትር ወዲህ፣ ግማሽ ሜትር ወዲያ። ብይ ነው። «የጉልበት ማጠናከሪያ» ተባለ፤ ሁለት ሰው ቤቱ ሆኖ ሞከረው።

አንድ ቀን የልብ ምቱ 191 ገባ። ከብይ ሲመለስ ውሻ አባርሮታል። ግሩፑ ተንጫጫ። «አንተ 47 ዓመትህ ነው፣ 191 እንዴት ሆነ?» «ተራራ ወጥቼ ነው።» «ሰፈራችሁ ምን ተራራ አለ?» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የጻፈውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የውስጥ ተራራ።»

አሥራ አራት ሰው ልብ ሰጠው። አንዷ አለቀስኩ አለች።

ነገሩ ሲገለጥ እንኳ አላፈረም። «ዋናው የኔ መሮጥ አይደለም፣ የእናንተ መነሳሳት ነው» አለ። ይኸው ተነሳስተናል፤ ተነሳስተን ተቀምጠናል።

በነገራችን ላይ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛ እንቁላል ግን በሦስት መኪና ነው የወጣው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ከመኪናው ስንወርድ ብቻ አራት ሰው ትንፋሽ አጠረው። ለቪዲዮ 200 ሜትር ሮጥን። እንጨት የጫነች አህያ በመሀል ስለገባች ደግመን ሮጥን። ከዚያ ወደ ጨጨብሳ።

ከጨጨብሳው በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። አንዲት ልጅ ዳገቱን እየወጣች፣ እየወረደች፣ እንደገና እየወጣች ነበር። አትሌት ናት። ጫማዋ በጎን ተቀዶ በሲባጎ ታስሯል። ከኛ አንዱ ካሜራውን ከፍ አድርጎ «አንቺ ልጅ፣ ፎቶው ውስጥ እየገባሽ ነው፤ ትንሽ ዞር በይልን» አላት። ዞር አለች። ይቅርታም ጠየቀች! ልምምዷን አቋርጣ፣ ላቧ እየቀዘቀዘ፣ ለ23 ሰው ፎቶ ዳር ቆማ ጠበቀች። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ አፌን ዘግቼ ፈገግ ብዬ ተነስቻለሁ። ያ ፎቶ እስካሁን ያሳፍረኛል። ዳገቱ የሷ ነው፤ ዞር ማለት የነበረብን እኛ ነን። እንደሷ ያሉ ልጆች በጨለማ ተነስተው በባሕር ዛፉ መሀል አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ቀስ ብለው፣ ለወራት፣ ማንም ሳያያቸው። የዓመቱ መጀመሪያ ልምምድ ማለት ይኼው አሰልቺ ነገር ነው፤ ለፎቶ የሚሆን አንድም የለው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተክቶ ገባና በ2:06:26 የኦሊምፒክ ሬከርድ ሰብሮ አሸነፈ። መሰለፉ ሳይታወቅ ተዘጋጅቶ ነው የቆየው። የኛዎቹ መሰለፋቸው ሳይሆን መነሳታቸው ነው የማይታወቀው።

እሺ፣ ተረጋግቻለሁ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ከትናንት ወዲያ ቡድናችን ላይ አደጋ ደረሰ። ልጁ ለትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ተመረጠ። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ሰዓት እያሰረ ሲሮጥ እግሩ ተፍታታ መሰለኝ። የስፖርት መምህሩ ግን በልምምድ ላይ ሰዓት ማሰር ክልክል ነው ብሏል። ልጁም ለአጎቱ «ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ በ20 ብር አልችልም፤ ደግሞ ሰዓቱ እጄን ይከብደኛል» ብሎ አስረክቧል።

ያን ማታ ካርታ አልተላከም። በምትኩ አጭር መልእክት መጣ። «ወገኖቼ፣ ጉዳት ደርሶብኛል። ላልተወሰነ ጊዜ ከልምምድ ርቄአለሁ። ሞራሌ ግን አልተጎዳም።»

ግሩፑ አዘነ። ገንዘብ ያዧ ነፍስ ወከፍ 200 ብር ሰበሰበች። ከሩጫ ቡድን ይልቅ ለዕድር እንደምንበልጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ከፈለ። ብርቱካን ተገዛ፣ ሙዝም ተገዛ (መቼ እንደሚበላ በዚህ ጊዜ ማንም አልተከራከረም)። ነገ ልንጠይቀው እንሄዳለን።

ፀሐፊያችን መርሐ ግብሩን አሁን ልካዋለች። «ጥየቃው ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ነው። እባካችሁ ጠዋት እንዳትደውሉለት፤ ይተኛል።»