ማስተካከያ፦ ፖፕ-ኦፍ ቫልቭ ባክፋየርን አያስቀርም

ስለ ፖርሼ 911 ኤስሲ (እ.ኤ.አ. 1978–1983) በሰፊው የተጋራ ጽሑፍ «ፖፕ-ኦፍ ቫልቭ ባክፋየርን ያስቀራል፤ ካልሆነም ኬ-ጄትሮኒኩን አውጥቶ ካርቡሬተር መግጠም ነው» ይላል። ፖፕ-ኦፍ ቫልቭ በኤርቦክሱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያልፍበት ሳጥን) ላይ የሚገጠም፣ በሞላ የሚዘጋ የግፊት ማስወጫ ክዳን ነው፤ ባክፋየር የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ በመግቢያው በኩል ሲፈነዳ ነው፤ ኬ-ጄትሮኒክ ደግሞ የፋብሪካው ሜካኒካል የቤንዚን መርጫ ሥርዓት ነው። የጽሑፉ ሁለቱም አባባሎች ስህተት ናቸው። የእርማቱ መሠረት የፋብሪካው የጥገና መመሪያና የካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ ደንብ ነው።

ቫልቩ የሚያደርገው ፍንዳታው ሲከሰት ግፊቱን አስወጥቶ የፕላስቲኩን ኤርቦክስ ከመሰንጠቅ ማዳን ብቻ ነው። መንስኤው ሌላ ቦታ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቤንዚኑ ለሲሊንደሮቹ እኩል ካልደረሰ ወይም የመቆጣጠሪያው ግፊት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው የነዳጅ ግፊት) ከፍ ብሎ ድብልቁ ከሳሳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ካነሰ፣ እሳቱ በተከፈተው የመግቢያ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ኤርቦክሱ ውስጥ ያለውን ጋዝ ያቀጣጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የመቆጣጠሪያውን ግፊት በጌጅ ይለኩ። ሲያስነሱም የነዳጅ ፔዳሉን አይርገጡ።

ካርቡሬተሩን በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ መርማሪው የፋብሪካው ሥርዓት መኖሩን በዓይን ስለሚያይ መኪናው ጭሱ ንጹሕ ቢሆንም ይወድቃል። ፖፕ-ኦፍ ቫልቭ ግን ኬ-ጄትሮኒኩን እንዳለ ይተወዋል።

ቫልቩን ሲገጥሙ ኤርቦክሱን ከበሱ በኋላ የፕላስቲኩን ብናኝ አንድ ሳይቀር ያውጡ፤ ሞተር ውስጥ ይገባል። የሚጣበቅበትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ቅባቱን ጠርገው በኢፖክሲ ያጣብቁ። ክዳኑን በጣት ሲገፉት ሞላው ወዲያው መልሶ መዝጋት አለበት። ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ፣ ያልተለካ አየር ገብቶ ድብልቁን ያሳሳል፤ ያ ደግሞ ራሱ ባክፋየር ያመጣል።

አየር እንደማያስገባ ለማረጋገጥ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ሞተሩ መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት፤ ምንም ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ላይ አየር እያስገባ ነው።