ማንም «ምን ያበላል?» ባይለኝ ኖሮ

«ገንዘቡ፣ ጊዜውና የሰው አስተያየት ባያሳስብህ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ምን ትማር ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለጨዋታ ነው። አንዱ ፍልስፍና ይላል፣ ሌላው ሙዚቃ፣ ሦስተኛዋ የሥነ ፈለክ ትምህርት ትላለች፤ ጥቂት ይሳቅና ሁሉም ወደየጉዳዩ ይመለሳል። እኔ ግን ጥያቄው በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል ባይ ነኝ። «ምን ያበላል?» የሚለው ሚዛን ከፊታችን ሲነሣ፣ የመረጥነው በእርግጥ የምንወደውን ትምህርት ይሁን ወይስ የትምህርቱን ስምና ዝና፣ ለይተን የምናውቅበት ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል። ያ መለኪያ፣ በእኔ አስተያየት፣ የመስኩ አሰልቺ ሥራ ነው።

በቅርቡ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ይህንኑ ስናወራ፣ እንደገና ወጣት ብትሆን ሥነ ፈለክ እንደምታጠና ያለ ምንም ማመንታት ነገረችኝ። የጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ ሰብስባ አስቀምጣለች፤ ስለ ጥቁር ጉድጓዶች የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አያመልጧትም። ነገር ግን የዛሬ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በቴሌስኮፕ አሻግሮ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ እምብዛም ነው። አብዛኛው ቀኑ የሚያልፈው በኮምፒውተር ፊት ሲሆን፣ ከመሣሪያው የመጣውን መረጃ ያጠራል፣ መሣሪያው ራሱ የፈጠረውን ስሕተት እየለየ ያስወግዳል፣ ፕሮግራም ይጽፋል፣ የጻፈው ፕሮግራም አልሠራ ሲል ደግሞ ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል። ይህን ስነግራት «እሱንማ አሁንም እየሠራሁ አይደል?» ብላ ሳቀች። ሁለታችንም የሂሳብ ሠራተኞች ነን። ከዋክብትን መውደዷን አልጠራጠርም፤ የወደደችው ግን ሰማዩን እንጂ ትምህርቱን አይደለም፤ ሰማዩን ለመውደድ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከዚህ የተለየ መልስ የሰማሁት ጡረታ ከወጡ አንድ መሐንዲስ ነው። «የአፈር ሳይንስ» ሲሉኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩኝ ጀመር። እፍኝ አፈር ይረጠብና እንደ ሊጥ ይታሻል፤ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቀስ እየተባለ እንደ ጥብጣብ ተጨፍልቆ ይወጣል። ሸክላ የበዛበት አፈር ሳይበጠስ ይረዝማል፤ አሸዋማው ገና ሲጀመር ይፈረካከሳል፤ በመካከል ያለው ደግሞ በጣት ላይ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። ቀለሙም ዝም ብሎ «ቀይ» ወይም «ቡናማ» ተብሎ አይታለፍም፤ በቁጥር ከተለዩ የቀለም ናሙናዎች ጋር ጎን ለጎን እየተያየ ይመዘገባል። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ስለ አፈር ሳይንስ ታላቅነት አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ የተናገሩት ስለ ጣታቸው ነው። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ያመንኩት ይህንን ነው።

የራሴን ልናገር። ማንም ምንም ባይለኝ ኖሮ የማጠናው የጠፉ ጽሕፈቶችን የመፍታት ትምህርት ነበር። ምክንያቱ ሊኒየር ቢ የሚባል ጥንታዊ ጽሕፈት ነው። አርተር ኢቫንስ የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1900 በቀርጤስ ደሴት ክኖሶስ በተባለ ቦታ ቁፋሮ ሲጀምር፣ ማንም ሊያነበው ያልቻለ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አገኘ። ቋንቋው አይታወቅም፤ ፊደሉም አይታወቅም። ጽሕፈቱ እስኪፈታ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የፈታው ማይክል ቬንትሪስ በሙያው አርክቴክት ነበር፤ ስሙ የሚነሣውም የእሱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከእሱ በፊት መንገዱን የጠረገችው አሊስ ኮበር ናት።

ኮበር ኒው ዮርክ ውስጥ በብሩክሊን ኮሌጅ የምታስተምር መምህርት ነበረች። የጽሕፈቱን ምልክቶች፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ፣ በቃል መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ ላይ እንደሚውል እያንዳንዱን በካርድ ትመዘግብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ሲጠፋ ካርዶቿን ከቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያና ከሰላምታ ካርድ ጀርባ በመቀስ እየቆረጠች ታዘጋጅ፣ በባዶ የሲጋራ ካርቶን ውስጥም ታስቀምጣቸው ነበር። ካርዶቹ ወደ 180,000 ይደርሳሉ።

ያገኘችውን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እንዲያውም ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። ሊኒየር ቢ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ የሚይዝበት ጽሕፈት ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ ሲባል ዘመድነታቸው በመልካቸው መታወቁ ነው፤ በሊኒየር ቢ ግን የአንድ ቤት ልጆች በመልክ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አሁን አማርኛን ጭራሽ የማያውቅ ሰው «ቤቴ፣ ቤቱ፣ ቤታችን» የሚሉትን ቃላት መልካቸው በማይመሳሰል ምልክቶች ተጽፈው አገኘ እንበል። የመጀመሪያው ምልክት በሦስቱም አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ይለዋወጣል። ጎበዝ ከሆነ፣ እነዚህ የሚለዋወጡት ምልክቶች በተነባቢ አንድ፣ በአናባቢ የተለያዩ መሆናቸውን ይገምታል። ቀጥሎ «ልጄ፣ ልጁ፣ ልጃችን» የሚሉትን ሲያገኝ ደግሞ ቴ እና ጄ፣ ቱ እና ጁ በአናባቢ እንደሚገናኙ ይደርስበታል። አንዱንም ምልክት እንዴት እንደሚነበብ ሳያውቅ የፊደል ገበታውን መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ኮበር ያደረገችው በመሠረቱ ይህንን ነው። በዚያ ላይ ምልክቶቹን በግምት ለማንበብ የሚቸኩሉትን አጥብቃ ትቃወም ነበር፤ እሷ ራሷ ለአንዱም ምልክት ድምፅ ለመስጠት አልቸኮለችም።

ቬንትሪስ ይህን መንገድ አስፍቶ እ.ኤ.አ. በ1952 የሰሌዳዎቹ ቋንቋ ጥንታዊ ግሪክኛ መሆኑን አሳየ። ኮበር ይህን አላየችም፤ በ1950 በ43 ዓመቷ አርፋለች። ብታይስ ኖሮ ሰሌዳዎቹ ላይ የተገኘው ምን ነበር? የበግ ቁጥር፣ የዘይት መጠን፣ የነሐስ ክፍፍል፣ የሠራተኞች ዝርዝር። ግጥም የለም፣ የነገሥታት ታሪክ የለም፤ የቤተ መንግሥት መዝገብ ያዥ የጻፈው ሂሳብ ነው። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ በዚህ ውስጤ እንደሚስቅ አልደብቅም።

ለፍላጎት ብቻ መማርን የሚደግፉ ሰዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት የተለመደ ክርክር አለ፤ ዛሬ ከንቱ የሚመስል እውቀት ነገ ይጠቅማል የሚል ነው። ለምሳሌም እንግሊዛዊውን የሂሳብ ሊቅ ሃርዲን ይጠራሉ። ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራው ምንም ጥቅም እንደሌለው በኩራት ጽፎ ነበር፤ በ1977 ግን ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እሱ ይደክምበት በነበረው በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ላይ ቆመው፣ የኢንተርኔት ምሥጢር የሚጠበቅበትን ስልት አወጡ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን ደካማ ይመስለኛል። ፍላጎትን በጥቅም ሚዛን ላይ መልሶ አስቀምጦ «ታገሡ፣ ይከፍላል» ማለት ነው እኮ። የማይከፍለውስ? ሊኒየር ቢ የማንንም ምሥጢር አይጠብቅም፤ የሰው ልጅ ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት በግ እንዴት ይቆጥር እንደነበር ማወቅ ማወቅ ስለሆነ ብቻ ካልበቃን፣ ሃርዲን መጥራታችን አያድነንም።

ይህን ስል ኑሮን ረስቼ አይደለም። በብድር የሚማር፣ ወይም ቤተሰቡ ተስፋውን በእሱ ላይ የጣለ ወጣት የሚያበላውን መስክ ቢመርጥ ፍላጎቱን ከዳ ብሎ የሚወቅሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ወጪውን የሸፈነለት ነው። እኔም የመረጥኩት የሚያበላውን ነው፤ አልተጸጸትኩም። የምቃወመው ነገር ቢኖር ምርጫው በ18 ዓመት ተዘግቶ ይቀራል የሚለውን አስተሳሰብ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ ሳይጠይቅ፣ ሥራ ላይ ያለውን ሰው በርቀት ሲያስተምር ኖሯል፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም የትምህርት ሰነዶቹን በኢንተርኔት በነፃ መልቀቅ ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በግል ማንበብና መማር አንድ አይደሉም። ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚከብደውን ምዕራፍ ዘሎ የሚጥመውን ይመርጣል፤ መምህር ያለው ግን የዘለለውን ተመልሶ እንዲሠራ ይደረጋል፣ ስሕተቱም በቀይ ይመለስለታል። ከዩኒቨርሲቲ የምቀናበት ዋናው ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሊሞላ የተቀመጠ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ የትምህርት ክፍሉን መግቢያ ጽሑፍ ትቶ የሁለተኛ ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር እንዲያይ እመክረዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ይጥማል፣ የመጨረሻው ደግሞ ገና ሩቅ ነው፤ የመስኩ ድካም የሚታየው በመካከል ነው። ከዚያ አንድ የቤት ሥራ ፈልጎ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተቀምጦ ይሥራው።

እኔ ራሴ ይህን የሞከርኩት ዘግይቼ ነው። የሊኒየር ቢ ምልክቶች ተመራማሪዎች የሰጧቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ ንባባቸውን ሸፍኜ ቁጥራቸውን ብቻ በመያዝ፣ እንደ ኮበር ካርድ እየቆረጥኩ ተራ በተራ መመዝገብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ አለኝ፤ በሁለተኛው ወገቤን አመመኝ፣ 40 ካርድ ያህልም ተሳስቼ እንደገና ጻፍኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ካርዶቼ 211 ደረሱ፤ እንደ «ቤቴ፣ ቤቱ» ያለ አንድ ጥንድ እንኳ አላገኘሁም፤ ባዶ ወረቀቱም አለቀብኝ። ያለፈውን ዓመት የቢሮ ሪፖርት ገልብጬ በጀርባው መቁረጥ ቀጠልኩ።