ማስተካከያ፦ ኦርጅናሉን ቤት አትተዉት

ስለ አሜሪካ የኢሚግራንት ቪዛ ኢንተርቪው በጻፍኩት ላይ «ሰነዶቹን ስካን አድርጋችሁ በኦንላይን ካስገባችሁ ኮፒ ይዛችሁ መሄድ ይበቃል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

በኦንላይን የሚገባው ፋይሉ ብቻ ነው። ኢንተርቪው ላይ የሚታየው ወረቀቱ ራሱ ነው። ኦርጅናሉ፣ ወይም ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጦ ማኅተም ያሳረፈበት ቅጂ መያዝ አለበት። የልደት፣ የጋብቻ፣ ፍቺ ካለ የፍቺ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ሁሉም። ቀድሞ ገብቶ ተቀባይነት ያገኘውም ቢሆን ይያዛል። ኮፒውም አብሮ ይሂድ።

ሌላም ያሳሳትኩት አለ። «የተተረጎመ ካላችሁ ዋናው አያስፈልግም» ያልኩትን እርሱት። ሁለቱም ይያዛሉ። ትርጉሙ ላይ ደግሞ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል እንደሆነና የመተርጎም ብቃት እንዳለው ጽፎ መፈረም አለበት። ብዙ ሰው ማኅተሙን አይቶ ይህቺን መስመር ሳያይ ያልፋል።

ወረቀቶቻችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩ። አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ የልደት ወረቀት ማጠፊያው ማኅተሙ መሃል ላይ ካረፈ ማኅተሙ በቅጡ አይነበብም። እንዲህ ከሆነ አዲስ ማውጣቱ ይሻላል። «ይጠብቀዋል» ብላችሁ ላሚኔት እንዳታስደርጉት ብቻ!

የሕክምና ምርመራው ውጤት በታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ፣ ፖስታው አይከፈትም። ለማየት ያህልም ቢሆን። ስለዚህኛው ቀድሞም ትክክል ነበርኩ።