ዲናሩ የሚያወራው ለወታደሩ ነው

ስለ ጥንት ሮም የብር ሳንቲም ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው ያው ነው፣ የዛን ዘመን ሚዲያ ነበር፣ ገዢው ለህዝቡ ፕሮፓጋንዳ የሚነዛበት ነበር ምናምን። ፕሮፓጋንዳ መሆኑስ ልክ ነው፣ ለህዝቡ የሚባለው ግን አይዋጥልኝም። ዲናር የሚባለው ይሄ የብር ሳንቲም ወንጌል ላይ የወይን አትክልቱ ሰራተኞች ለቀን ስራ የተዋዋሉበት ገንዘብ ነው፣ በየገበያው መዞሩ አይካድም፣ ግን መጀመሪያ በብዛት የሚገባው ወታደር ኪስ ነው፣ ምስሉም ለሱ ታስቦ የተመረጠ ነው ባይ ነኝ።

ብሩተስን እዩት። ሮምን ይገዛ የነበረው ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 በህይወት እያለ ፊቱ ሮም በተቀረጸ ሳንቲም ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሮማዊ ሆነ፣ ከዛ በፊት የሚወጡት አማልክትና የሞቱ አያት ቅድመ አያቶች ነበሩ፣ እና ሴናተሮች ይሄ ሰውዬ ንጉስ ሊሆንብን ነው ብለው ማርች 15 በጩቤ ጨረሱት። ሁለት አመት ገደማ ቆይቶ ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ከጦሩ ጋር እየዞረ ዲናር ሲያስቀርጽ ፊት ለፊት ያደረገው ምን መሰላችሁ? የራሱን ፊት! በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ መሀል ላይ ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያጠልቀው ቆብ፣ ከስር የግድያው ቀን። ይሄን የነፃነት ሳንቲም እያሉ የሚያደንቁት ሰዎች ይገርሙኛል፣ ለኔ ደሞዝ ከፋያችሁ እኔ ነኝ የሚል የቅጥር ወረቀት ነው።

የቄሳር የጦር አዛዥ የነበረው ማርክ አንቶኒ ደግሞ ጭራሽ አልተደባበቀም። በኦክታቪያን ከተሸነፈበት ከአክቲየም የባህር ጦርነት በፊት ባስቀረጸው ዲናር ላይ ፊቱን ትቶ ባንድ በኩል መርከብ፣ በሌላው የጦሩን ንስርና የክፍለ ጦሩን ቁጥር አደረገ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጦር የራሱ ሳንቲም አለው ማለት ነው። ውስጡ ያለው ብር ከሌላው ዲናር ያነሰ ስለነበር ሰው ጥሩውን ደብቆ በዚህኛው ይገበያያል፣ በዚህ ምክንያት ከመቶ አመት በላይ ሲዞር ኖረ (ሰውየው ከሞተ በኋላ!)።

ብዙ ቆይቶ የነገሠው ንጉሰ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የወታደሩን ደሞዝ ከፍ አደረገና ዲናሩ ውስጥ ያለውን ብር ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው፣ እ.ኤ.አ በ211 ሲሞትም ልጆቹን ተስማሙ፣ ወታደሩን አበልጽጉ፣ ሌላውን ናቁት እንዳላቸው የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ጽፏል። ከሱ በኋላ የነገሠው ጋሊየነስ ጋ ስንደርስ ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር በጣም ሳስቷል፣ ሰውየው ግን የየክፍለ ጦሩን ስምና የእንስሳ ምልክት ሳንቲም ላይ እያወጣ ታማኞቼ እያለ ያሞግሳቸዋል፣ በ268 ሚላን አካባቢ የገደሉት የራሱ መኮንኖች ናቸው።