ዳቦ የጠየቀን ሰው «ማን ላከህ?» አንበል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አንድ ሰው «ኑሮ ከበደኝ» ሲል ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «ከጀርባህ ማን አለ?» ሆኗል። ዳቦ ተወደደ ያለ ሁሉ ተልዕኮ ያለው ይመስለናል። ይህ አመል ሩሲያን የት እንዳደረሳት ስሙ።

የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ነው። ቦታው ፔትሮግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ። አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት። እህል ገጠር አለ፤ ባቡሩ ግን ወታደርና ጥይት ሲያመላልስ ዱቄቱን ከተማ ማድረስ አቅቶታል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆመው ይውላሉ። ከዚያ በዚያ ብርድ ዳቦ ቤት በር ላይ ይሰለፋሉ። ተራቸው ሲደርስ ዳቦው አልቋል። ያን ቀን የሴቶች ቀን ነበርና ሥራ አቁመው ወጡ። በየፋብሪካው እየዞሩ፣ መስኮቱን በበረዶ እየመቱ፣ ወንዶቹን «ኑ ውጡ» አሏቸው።

«ዛርን፣ የሩሲያን ንጉሠ ነገሥት፣ የጣለው ሌኒን ነው» የምትሉ፣ ሌኒን ያኔ ስዊዘርላንድ ነበር።

ዛር ኒኮላስም ከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ሞጊሌቭ፣ ጦር ሰፈር ነው። ሚስቱ አሌክሳንድራ ደብዳቤ ጻፈችለት። ነገሩ የወሮበላ ግርግር ነው፤ ልጆቹ ዳቦ የለም እያሉ የሚሯሯጡት ሰው ለማነሳሳት ብቻ ነው፤ ብርዱ ቢጠና ሁሉም ቤቱ ይከተት ነበር አለችው። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ ድገሙት። የእኛን አነጋገር አልሰማችሁበትም?

ዛሩም ግርግሩ በነገው ዕለት ይቁም ሲል በቴሌግራም አዘዘ። እሑድ ወታደር ሰልፈኛው ላይ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። ከተኮሱት መካከል የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር ልጆች ነበሩ። ማታ ሰፈራቸው ገብተው ሲመካከሩ አመሹ። ከአፈሙዛቸው ፊት የቆመችው ሴት እኮ እናታቸውን ትመስላለች። ሰኞ ጠዋት ከእንግዲህ አንተኩስም አሉ፤ አዛዣቸውንም ገደሉ። ሲመሽ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሏል።

መጋቢት 6 ኒኮላስ ፕስኮቭ ላይ፣ ባቡሩ ውስጥ እንዳለ፣ ሥልጣኑን ለቀቀ። በማግሥቱ ወንድሙ ሚካኤል ዘውዱን አልቀበልም አለ። 304 ዓመት የገዛ ቤት በዘጠኝ ቀን ፈረሰ።

ይህ የሰው አገር ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። የወሎ ረሃብ ሲደበቅ ከርሞ፣ የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ተወደደብን ብለው ሥራ ሲያቆሙ ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጠይቋቸው።

እባካችሁ፣ ነገ ዳቦ ቤት በር ላይ የሚያማርሩ እናት ስታገኙ ማን እንደላካቸው አትመርምሩ። «እማማ፣ ከስንት ሰዓት ጀምረው ነው የቆሙት?» በሏቸው።