ለአዲሱ ጥፋተኛችን የእንኳን ደህና መጣህ ቃል

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በገባሁ ሰሞን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየም ያሳየኝ ሰው «ከ102 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል» ብሎኝ ነበር። ተሳስቷል። እዚያ ውስጥ ተመልካች አይቼ አላውቅም። ያየሁት ከ102 ሺህ በላይ ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር፣ ማለትም የማጥቃቱን ጨዋታ የሚያዝ አሰልጣኝ ነው፤ ግፉ ደመወዝ የሚቆረጥለት ለአንዱ ብቻ መሆኑ ነው።

ያ ባለደመወዝ እንግዲህ እንደገና ተቀይሯል። የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ አዲሱን ሰው በእልልታ ሊቀበል ተሰናድቷል። ስሙን አልጽፍም። ደጋፊውም ቢሆን በስሙ የሚጠራው እስከ መጀመሪያው ሽንፈት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ያ ሰውዬ» ይሆናል። እኔም ከዚህ ሕዝብ መካከል ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ጥበቡን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በእያንዳንዷ ሙከራ ኳርተርባኩ (ኳሷን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ልጅ) ይወርውር ወይስ ለሯጩ ያቀብል፣ ማን በየት በኩል ይሂድ የሚለውን የሚያዘው ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተሩ ነው። እንደ ምግብ ቤት ሜኑ በፕላስቲክ የተለበጠ ትልቅ ወረቀት ይይዛል። ሲናገር አፉን በወረቀቱ ይከልላል፤ ተጋጣሚ ከንፈሩን እንዳያነብበት ነው። (እኔ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን የሚያዛጋ እየመሰለኝ «ምን ዓይነት ቸልተኛ ነው» እል ነበር።) ለእያንዳንዱ ሙከራ የሚሰጠው ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። ከ2024 ወዲህ ትዕዛዙ በኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ በሬዲዮ ይገባል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን መስመሩ ይዘጋል። ሰውየው ለማሰብም ለመናገርም 25 ሰከንድ አለችው ማለት ነው።

ይህ ችኮላ ነው። የእኛ ደጋፊ አስተዋይ ስለሆነ አይቸኩልም። ሙከራው እስኪከሽፍ በትዕግሥት ይጠብቃል። ከዚያ ምስሉ በዝግታ ሲደገም ያያል፣ እሁድ ያሰላስልበታል፣ ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ትክክለኛውን ትዕዛዝ ይሰጣል። እስካሁን አንድም ጊዜ ሲሳሳት አላየሁም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ የሚንቅ ሰው፣ ውሻው ጅቡ በየት በኩል እንደገባ በዝርዝር ሲያስረዳ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው።

እኔ ባለሁበት ዘመን ከመጡት ሁሉ ደጋፊው ምንም እንከን ያላወጣለት ቢል ኦብራየን ነው። ጃንዋሪ 2024 ተቀጠረ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የቦስተን ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ሄደ። አንዲት ሙከራ አላዘዘም። እስካሁን በእኛ ጠረጴዛ ስሙ በክብር ይነሳል።

ቀጥሎ ቺፕ ኬሊ መጣ። ዋና አሰልጣኛችን ራያን ደይ በወጣትነቱ የኒው ሃምፕሻየር ኳርተርባክ በነበረ ጊዜ ያሰለጠነው እሱ ነው። የዩሲኤልኤ ዋና አሰልጣኝነቱን ትቶ የደቀ መዝሙሩ ምክትል ለመሆን ሲመጣ ከተማው በደስታ ሰከረ። «ሊቅ ነው» ተባለ። ሊቅነቱ እስከ ኖቬምበር 30 ቀን ቆየ።

የዚያን ቀን የዘመናት ተቀናቃኛችን ሚሺጋን ቤታችን ድረስ መጥቶ 13 ለ 10 አሸነፈን። ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ! የኬሊ ወንጀል ሯጮቹን ደጋግሞ በመሐል መስደዱ ነበር፤ መሐል ላይ ደግሞ የሚሺጋን ግዙፎች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሰኞ ጠዋት በዕረፍት ክፍላችን ችሎት ተሰየመ። የፎርክሊፍት ሹፌሩ ባልደረባዬ አምስት የኬቻፕ ከረጢት በአንድ መስመር ደረደረ። ቀይ ስለሆኑ የእኛ ልጆች ናቸው። ሰናፍጩ ቢጫ ስለሆነ ሚሺጋን ነው። የጨው ዕቃው ሯጩ ነው። «ይኸው! ቀዳዳው እዚህ ነበር!» ብሎ ጨውን በግራ ጠርዝ አዙሮ እስከ ናፕኪኑ ድረስ ወሰደውና ታችዳውን (ኳሷን የጎሉን መስመር አሻግሮ የሚገኘውን ነጥብ) አገባ። ጭብጨባ ሆነ። ከሰናፍጮቹ አንዱም ንቅንቅ አላለም፤ እንዲህ ዓይነት ጨዋ ሚሺጋን አይቼ አላውቅም።

ከእኛ አገር ሰዎች በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ናቸው። የወጣትነት ቅዳሜና እሁዳቸውን አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ያሳለፉ፣ ኮሎምበስ ከመጡም ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ያን ጨዋታ አብረን ነው ያየነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሱ በተወረወረ ቁጥር «አስሩጠው እንጂ! ሩጫ ነው የሚያዋጣው!» ይሉ ነበር። ለሩጫ ያላቸው እምነት ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ይመስለኛል። በሁለተኛው አጋማሽ ሯጩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲቀር «ይኼ ሰውዬ መወርወር የሚባል ነገር አልሰማም እንዴ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ቅድም አስሩጠው ሲሉ አልነበረም?»

«ቅድም ሌላ ነው» አሉኝ። ይህን ካታንጋም ቢሆን እንዲህ አጥርቶ የሚናገረው አልነበረም።

በዚያው ጨዋታ ሁለት ፊልድ ጎል (ኳሷን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሐል በማሳለፍ የሚገኝ ሦስት ነጥብ) ተስቷል። ስድስት ነጥብ ነው። ልዩነቱ ሦስት ነበር። ፊልድ ጎል የሚመታው ልጅ በኮርዲኔተሩ እጅ እንዳልሆነ፣ የሱ ሥራ ሌላ አሰልጣኝ እንዳለው ብናገር ሁሉም እንደ ሕፃን ልጅ አየኝ። ባልደረባዬ በርኅራኄ አስረዳኝ፦ «ጥሩ ቢያዝ ኖሮ መቼ ፊልድ ጎል ያስፈልገን ነበር?» ዕውቀት እንዲህ ነው። በዚህ ስሌት ዝናብ ሲዘንብም ተጠያቂው ያው ሰውዬ ነው፤ ከዝናቡ በፊት ጨዋታውን መጨረስ ነበረበታ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ፕሌይኦፉ፣ ማለትም የአገሪቱ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ጀመረ። ቴነሲ 42 ለ 17 ተሸነፈ። ኦሪገንን ሮዝ ቦል ሜዳ ላይ በአንድ ወቅት 34 ለ 0 እየመራነው ነበር። ቴክሳስም ተራውን ወሰደ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ከኖትር ዳም ጋር ለዋንጫ ገጠምን። 31 ለ 23 እየመራን ነው፤ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ቀርቷል፤ ሦስተኛ ሙከራ ነው፤ 11 ያርድ ይጎድላል። ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚበላ ሩጫ ጠብቋል። ኬሊ ረጅም ውርወራ አዘዘ።

ኳሷ አየር ላይ ሳለች ቴሌቪዥኑን ትቼ ጋሼን አየኋቸው። አፋቸው ተከፍቷል፤ ግራ እጃቸው ለ«ዋንጫ!» ተነስቷል፤ ቀኝ እጃቸው ግንባራቸውን ለመምታት ተዘጋጅቷል። ሁለት ፍርድ በአንድ ፊት ላይ ተጽፎ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ኳሷ መሬት ብትነካ «እየመራህ ማን ወርውር አለህ? አብዷል!» የሚለው ዝግጁ ነበር። ጀረማያ ስሚዝ ይዟት 56 ያርድ ሄደች፤ ጨዋታው በዚያው 34 ለ 23 አለቀ። ጋሼ ተነስተው እየዘለሉ «ይኼ ልጅ! ይኼ ልጅ ተአምር ነው!» አሉ።

ኬሊን ማንም አላነሳውም። ትክክልም ነው። ኳስ ሲወድቅ ትዕዛዙ ስህተት ነው፤ ኳስ ሲያዝ ልጁ ጎበዝ ነው። ይህን የሒሳብ መዝገብ የሚያውቅ ኦዲተር ዋና ከተማውንም ማስተዳደር ይችል ነበር።

ኬሊ በቀጣዩ ወር ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ላስ ቬጋስ ሬደርስ ሄደ። ያኔ ትዝ አለን፤ «እንዴት እንዲህ ያለ ሊቅ እንለቃለን?»

ተራው የብራያን ሃርትላይን ሆነ፤ እዚሁ ተጫውቶ ያደገ የቤት ልጅ። በ2025 የመጀመሪያ ጨዋታ የአንደኛነት ደረጃ ይዞ የመጣውን ቴክሳስን 14 ለ 7 አሸነፍን። በማግስቱ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «14 ነጥብ ብቻ?» ዓመቱን ሙሉ አሸንፎ፣ ሚሺጋንንም በሜዳው 27 ለ 9 ረትቶ፣ ዲሴምበር ላይ ለሊጋችን ለቢግ ቴን ዋንጫ በኢንዲያና ተሸነፈ። ውጤቱን ገምቱ፦ 13 ለ 10። ቁጥሩ እንኳ አልተቀየረም! ያኔም መጨረሻ ላይ ቅርብ ፊልድ ጎል ተስቷል፤ ያኔም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቋል። ሃርትላይን የሳውዝ ፍሎሪዳ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ «ከዳን» የሚሉና «ተገላገልን» የሚሉ አሉ። ሁለቱንም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

እንግዲህ አዲሱ ጌታዬ፣ የሚጠበቅብህ ቀላል ነው። አስሩጥ፤ በመሐል ግን አይደለም፤ በጠርዝም ቢሆን ሯጩ ወደ ኋላ ከተጎተተ «መሐሉ ክፍት ነበር» እንልሃለን። ወርውር፤ ተጋጣሚ ግን አይቀማህ። ቶሎ ቶሎ አግባ፤ ተከላካዮቻችን እንዲያርፉ ደግሞ ቀስ እያልክ። አዲስ ነገር አሳየን፤ አዲሱ ነገር ካልሠራ ግን «መሠረቱን ሳያውቅ ብልጠት» መባሉን ተቀበል። ብዙ ዓመት አብረን እንድንኖር እንመኛለን፤ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየህ ሌላ ቡድን ያልፈለገህ ሰው መሆንህ ይገባናል። ሚሺጋንን አሸንፍ። ሌላው ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሩቅ አይደለም። ኤፕሪል ላይ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ የሚጫወትበት ቀን አለ፤ የራሱ አጥቂ ከራሱ ተከላካይ ጋር። ነጥቡ የትም አይመዘገብም። ጋሼ የዚያን ቀን ፈረቃ እንዲቀየርላቸው ከአሁኑ ጠይቀዋል፤ አዲስ ቀይ ቆብም ገዝተዋል።

«ይኼኛው ግን ሌላ ነው» አሉኝ ትናንት፣ ስለ አዲሱ ሰው።

«ከራሳችን ተከላካይ ጋር አይደል የሚጫወተው ጋሼ? ካገባስ?»

«ካገባ ተከላካያችን አልቆለታል።»

«ካላገባስ?»

«ካላገባማ ሰውዬው አልቆለታል» አሉና ሻያቸውን ፉት አደረጉ።